ተማሪዎች የችግረኛውን ባላገር ቤት ስለ ማደስ

ለገበሬ ቤት ማደሪያ ብቻ አይደለም። የዘር እህሉን ከእርጥበት የሚጠብቅበት፣ ሞፈርና ቀንበሩን የሚያኖርበት፣ በብርድ ወራት ጥጃውን የሚያስጠጋበት፣ ከአዝመራ እስከ አዝመራ የሚያደርሰውን ቀለብ የሚያስቀምጥበት ስፍራ ነው። ስለዚህ የገበሬው ጣራ ሲያፈስ የሚጎዳው ሰውዬው ብቻ ሳይሆን እርሻውም ነው፤ በመጀመሪያው ዝናብ የራሰ የዘር እህል ይሻግታል፣ ወይም በጎታው ውስጥ ሳለ ያለ ጊዜው ያጎነቁላል፤ በእርጥብ መሬት ላይ ተኝቶ የከረመ ሰውም የእርሻ ወራት ሲደርስ ዶማ የሚያነሣበት ጉልበት አይኖረውም። ነገሩ እንዲህ ከሆነ የባላገር ቤት እድሳት በእርሻ ዐምድ ላይ ቢነገር አንባቢን ሊያስደንቅ አይገባም።

በአሁኑ ዘመን በኢትዮጵያ ክረምት ገብቶ ተማሪ ቤት ሲዘጋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ሌሎች ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ተሰብስበው የአረጋውያንንና የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደሳቸው የተለመደ ሥራ ሆኗል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ምስጋናው የታደሰውን ቤት በሚቀጥለው ዓመት ከመውደቅ አያድነውም። ቤቱ የሚቆመው በዕውቀት የተሠራ እንደ ሆነ፣ በወቅቱ የተሠራ እንደ ሆነ፣ ተጀምሮም የተፈጸመ እንደ ሆነ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሦስት ነገሮች ለተማሪዎች፣ ለመምህራን፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለገበሬዎች ማስረዳት ነው።

ደቦ እያለ ተማሪ ለምን አስፈለገ?

አንዳንድ ሰዎች «በአገራችን ደቦ አለ፤ ጅጊና ወንፈልም አለ፤ በኤርትራ ደጋም ወፈራ የሚባል የኅብረት ሥራ አለ፤ ታዲያ የከተማ ተማሪ ገጠር ወርዶ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱም የነገሩን ሥር ያሳያል።

ወንፈል የጉልበት ብድር ነው። ዛሬ ለእኔ የሠራህልኝን ነገ እኔ እሠራልሃለሁ ማለት ነው። ደቦ ደግሞ ድግስ ያሻዋል። ጠሪው ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ፣ ወጥ ሠርቶ የመጣውን ሁሉ አጥግቦ መሸኘት አለበት። እንግዲህ ልጆቿ የሞቱባት ወይም ርቀው የሄዱባት አሮጊት የተበደረችውን ጉልበት የምትመልስበት ክንድ የላትም፤ ጠላ የምትጠምቅበት ገብስና ጌሾም የላትም። በመሆኑም ጎረቤቶቿ ደጎች ቢሆኑም እንኳ እርሷ ራሷ ለመጥራት ታፍራለች። ከሁሉ ይልቅ እርዳታ የሚያሻው ቤት ከሁሉ በኋላ የሚታደሰው፣ ብዙ ጊዜም ከቶ ሳይታደስ የሚወድቀው ስለዚህ ነው።

የተማሪዎች በጎ ፈቃድ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ተማሪው ብድር አይጠብቅም፤ ድግስም አይሻም። ይሁን እንጂ ደቦን ሊተካ አይገባውም፤ ደቦ ያልደረሰበትን ሊሞላ ይገባዋል እንጂ። ጉልበትና ሀብት ያለው ጎረቤት ራሱ ሊያደርገው የሚችለውን ሥራ ተማሪ ቢሠራለት የመንደሩን የመረዳዳት ልማድ ማዳከም ይሆናል።

ከሌሎች የተገኘ ልምድ

ወጣቶችን ሰብስቦ የድሀ መንደር ቤት መሥራት በብዙ አገር የታወቀ ነገር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1920 ዓ.ም.፣ ፒየር ሴሬዞል የተባሉ ስዊሳዊ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ፈቃደኞችን ይዘው በፈረንሳይ አገር በቬርደን አጠገብ በጦርነት የፈረሰ የገበሬዎች መንደር ለማቅናት ሠሩ። በአሜሪካ አገርም በአፓላችያ ተራሮች ብዙ ድሀ ባላገር ይኖራል፤ በዚያም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. ግሌን ኢቫንስ የተባሉ የሜቶዲስት ቄስ 50 ያህል ፈቃደኞችን ሰብስበው በኬንታኪ ክፍል 4 ቤቶችን አሳደሱ። ከዚያ ወዲህ ያው ሥራ እያደገ ሄዶ በየበጋው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከትልልቅ ሰዎች ጋር ሆነው ለአንድ ሳምንት ያህል ወደነዚያ ተራሮች እየወጡ ይሠራሉ። የሥራቸው መመሪያ አጭር ነው፤ ቤቱ ከቀድሞው ይልቅ ሞቃት፣ ከአደጋ የተጠበቀና ደረቅ እንዲሆን ነው። ቀለሙና ጌጡ ከነዚህ ከሦስቱ በኋላ ይመጣል። ይህ ሥርዓት ለእኛም አገር ቤት ይስማማል።

በእኛም ዘንድ ተማሪን ወደ ገጠር መላክ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመፈጸማቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻም ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። በኤርትራም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1994 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ ማእቶት በሚባለው ሥራ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እርከን ለመሥራት፣ ችግኝ ለመትከልና መንገድ ለመጠገን ወጥተዋል። እነዚህ በትእዛዝ የተደረጉ ነበሩ። በፈቃድ የሚሠራ ሥራ ግን ጠባዩ ልዩ ነው፤ ፈቃደኛውን የሚያስገድደው ሕግ ስለሌለ በሥራው ላይ የሚያቆየው የሥራው ፍሬ ብቻ ነው። በሐምሌ የለሰነው ግድግዳ በነሐሴ ሲረግፍ ያየ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም።

የወቅት ነገር

ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። በደጋው አገር ተማሪ የሚያርፈው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ለጭቃ ሥራ ከዓመቱ ሁሉ የከፉ ወራት ናቸው። ጭቃው አይደርቅም፤ ያልደረቀውንም ዝናብ ያጥበዋል። ለክዳን የሚሆነው ሰንበሌጥ ገና በሜዳ ለጋ ነው፤ የሚታጨደው ዝናቡ አልቆ በጥቅምትና በኅዳር ሲበስል ነው። የጤፉ ጭድ የሚገኘውም አውድማ ከተበራየ በኋላ ነው። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ባዶ እጁን የሚመጣ ጓድ የሚሠራበት ዕቃ አያገኝም።

መፍትሔው ሥራውን በዓመቱ ላይ ማከፋፈል ነው። ለደጋና ለወይና ደጋ አገር የሚስማማው አከፋፈል የሚከተለው ነው።

በጥቅምትና በኅዳር፦ መምህራንና የመንደር ሽማግሌዎች የሚታደሱትን ቤቶች ይለዩ። ክረምቱ ገና ማለፉ ስለ ሆነ የትኛው ቤት እንዳፈሰሰ፣ ውሃውም በየት እንደ ገባ ምልክቱ በግድግዳው ላይ ይታያል። ሰንበሌጡም በዚሁ ጊዜ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ይከመር።

በታኅሣሥና በጥር፦ ጭድ ይጠራቀም፤ እንጨት ይቆረጥ፤ ድንጋይ ይለቀም።

በዓመቱ አጋማሽ ዕረፍትና በቅዳሜ ቀኖች እስከ መጋቢት፦ የግድግዳው፣ የመሠረቱና የጣራው ዋና ሥራ ይሠራ። ጊዜው ፀሓያማ ስለ ሆነ ጭቃው በወጉ ይደርቃል።

በግንቦት፦ የውሃ መሄጃው ቦይ ይጠረግ፤ የተሰነጠቀው ልስን ይደፈን።

በሐምሌና በነሐሴ፦ ከዝናብ የተጠለለ የውስጥ ሥራ ይሠራ። ይኸውም የውስጥ ምርጊት፣ የወለል ማስተካከል፣ የምድጃ ሥራ፣ በዝናቡ መካከልም የቆርቆሮ ጥገናና የችግኝ ተከላ ነው። የውሃውን አካሄድ በዓይን አይቶ ቦዩን ለማቅናትም ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ዝናቡ በሌላ ወር በሚጥልበት አገር፣ እንደ ቦረና ባለው፣ የወራቱ ስም ይለወጥ እንጂ ሥርዓቱ ያው ነው፤ ዕቃው በደረቁ ወራት ይሰብሰብ፤ የውጭ ጭቃም ዝናብ ከመምጣቱ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይፈጸም።

ቤቱን መመርመር

ሐኪም መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት በሽተኛውን እንደሚመረምር፣ ቤት የሚያድስም አስቀድሞ ቤቱን ሊመረምር ይገባዋል። ምርመራው ከላይ ወደ ታች ይሁን። መጀመሪያ ጣራው፣ ቀጥሎ ክፈፉ፣ ከዚያ የቋሚዎቹ እግር፣ ከዚያ ግድግዳው፣ በመጨረሻ ውስጡ። ብዙ ሰው ከግድግዳው ይጀምራል፤ ግድግዳ በዓይን የሚታይ ነውና። የግድግዳው ሕመም ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጣራው ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። የግርግዳው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 5 ሜትር የሆነ ክብ ጎጆ አለ እንበል። ክፈፉ በየወገኑ 60 ሳንቲ ሜትር ቢወጣ የጣራው ስፋት 6 ሜትር ከ20 ይሆናል፤ ጣራው የሚሸፍነውም መሬት 30 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ቀን 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ከዚያ ጣራ የሚወርደው ውሃ ወደ 300 ሊትር ይጠጋል። ይህ ሁሉ ጠፈጠፍ በቤቱ ዙሪያ ወርዶ መሬቱን እየቈፈረ ጭቃውን ወደ ግድግዳው እግር ይረጨዋል። ክፈፉ አጭር የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ውሃው በግድግዳው ላይ ይፈሳል። ግድግዳው ከሥሩ መበላቱ፣ ቋሚውም ከአፈሩ አፋፍ ላይ መበስበሱ በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ጣራውና ቦዩ ሳይስተካከሉ ግድግዳ የሚለስን ሰው ቀዳዳ ማድጋ ይሞላል።

የሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ. ጣራ። የሣር ክዳን ሲጠገን የበሰበሰው ሣር ደረቁ እስኪደረስ ድረስ ይነቀል፤ በበሰበሰ ሣር ላይ አዲስ ቢደረብ አዲሱም ቶሎ ይበሰብሳል። አከዳደኑ ከክፈፉ ተጀምሮ ወደ ጉልላቱ ይውጣ፤ የላይኛው እስር የታችኛውን ማሰሪያ ይሸፍን። ጣራው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ያለው ይሁን፤ የተጋደመ ጣራ ውሃ ያሳድራልና።

ቆርቆሮ የሆነ እንደ ሆነ ሚስማሩ በሞገዱ ጀርባ ላይ ይመታ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ አይመታ። ከሚስማሩ ራስ ሥር ጎማ ይደረግ። በጎን የሚደረበው ቢያንስ አንድ ሞገድ ተኩል፣ በቁመት የሚደረበውም ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ቆርቆሮ ሲገዛም የጌጁ ቁጥር በበለጠ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ መዘንጋት አይገባም፤ ብዙ ገዢ ትልቁ ቁጥር ጠንካራውን የሚያመለክት ይመስለዋል።

በኤርትራና በትግራይ ደጋ ያለው ህድሞ ጣራው አፈር ነው። በየዓመቱ ስንጥቁን ለመድፈን አዲስ አፈር ይጨመርበታል፤ አሮጌው ሳይነሣ አዲስ እየተጨመረ በሄደ ቁጥር ሸክሙ ይከብድና ያረጀው ተሸካሚ እንጨት ይሰበራል። ስለዚህ ተማሪዎች የህድሞ ጣራ ሲጠግኑ አስቀድመው የላላውን አፈርና የበቀለበትን ሣር ያንሡ፤ ከዚያ በኋላ ያነሡትን ያህል ብቻ ሸክላማ አፈር ጨምረው በደንብ ይጠቅጥቁት። ከሁሉ በፊት ግን ከውስጥ ምሰሶውና ተሸካሚው ደኅና መሆናቸው ይታይ።

2ኛ. ቦይና መሠረት። በቤቱ ዙሪያ፣ ጠፈጠፉ በሚወርድበት መሥመር፣ ቦይ ተቈፍሮ ውሃውን ወደ ቁልቁለቱ ይውሰድ። ግድግዳው እግር ሥር በድንጋይ ካብ ቢደገፍ የሚረጨው ውሃ ጭቃውን አያገኘውም። ይህ ሥራ ገንዘብ አያስፈልገውም፤ ዶማና ድንጋይ ብቻ ያሻል። ቤቱን ለብዙ ዓመት የሚያቆየው ግን ይኸው ነው።

3ኛ. እንጨት። እግሩ የበሰበሰ ቋሚ ከመነካቱ በፊት ጣራው ከውስጥ በድጋፍ ይያዝ። አዲሱ ቋሚ ከአሮጌው ጎን ቆሞ በሽቦ ወይም በሚስማር ይጣበቅ፤ እግሩም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁም። ባሕር ዛፍ የሆነ እንደ ሆነ ልጡ ይላጥ፤ ምስጥና ነቀዝ በልጡ ሥር መጠጊያ ያገኛሉና። ከተላጠ በኋላም በጥላ ይድረቅ።

4ኛ. ግድግዳ። አፈሩ አስቀድሞ ይፈተን። እርጥብ አፈር በእጅ ተድቦልቡሎ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይንከባለልና ከጠረጴዛ ጫፍ ላይ ቀስ እያለ ይገፋ። 5 ሳንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተቈረጠ አሸዋ በዝቶበታልና አይያያዝም፤ 15 ሳንቲ ሜትር አልፎ ሳይቈረጥ ከሄደ ሸክላ በዝቶበታልና ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በሁለቱ መካከል የሚቈረጠው ለምርጊት ይሆናል። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ለጤፍና ለሽንብራ መልካም ነው እንጂ ለግድግዳ አይሆንም፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀኖች ይቡካ። ጭዱ ሥራው ስንጥቅን መያዝ ነው፤ መቡካቱም ጭቃውን እንዲያጣብቅ ያደርገዋል። አዲስ ጭቃ በአሮጌው ላይ ከመመረጉ በፊት አሮጌው ይፋቅ፣ ውሃም ይረጭበት፤ በደረቅ ግድግዳ ላይ የተመረገ ጭቃ እንደ ቅርፊት ይነሣል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ስንጥቁን ካሳየ በኋላ ሁለተኛው ይደረብ፤ በመጨረሻም ስስ ልስን ከእበት ጋር ተቀላቅሎ ይሁን።

5ኛ. የውስጡ ነገር። በተዘጋ ጎጆ ውስጥ የሚነድ እሳት ጭሱ እናትንና ሕፃንን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ስለዚህ ቤት ሲታደስ መስኮት ይከፈት፤ ቢቻልም ማድ ቤቱ ይለይ። በኢትዮጵያ «ምርጥ»፣ በኤርትራ «አድሓነት» የተባሉት የእንጀራ ምድጃዎች ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲመዛዘኑ ማገዶውን እስከ ግማሽ ያህል ያድናሉ። ነገር ግን የሣር ክዳን ባለበት ቤት ጭሱ ክዳኑን ከተባይ ይጠብቅ ነበርና ጭሱ ከተለየ በኋላ ክዳኑን ቶሎ ቶሎ መመርመር ያሻል። ይህን ለባለቤቱ መንገር ይገባል።

ለሒሳብ መምህራን

ይህ ሥራ ለተማሪው ሕያው የሒሳብ ትምህርት ነው። ከላይ የጠቀስነው ጎጆ የግድግዳው ቁመት 2 ሜትር ቢሆን የአንዱ ገጽ ስፋት 3.14 ጊዜ 5 ጊዜ 2፣ ማለት 31.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። ምርጊቱ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ለአንድ ገጽ 0.94 ሜትር ኩብ ጭቃ ያስፈልጋል። ይህም 20 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ሲሰፈር 47 ባልዲ ነው፤ ለውስጥና ለውጭ 94 ባልዲ ይሆናል። ለበሩ የሚቀነሰውን ለሚባክነው እንተወው። አንድ ጓድ ይህን አስቀድሞ ካሰላ ስንት ሰው፣ ስንት ቀን፣ ስንት እንስራ ውሃ እንደሚያስፈልገው ያውቃል። ውሃው ከሩቅ ምንጭ በሴቶች ጀርባ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ይህን ሸክም ተማሪዎቹ ራሳቸው ሊሸከሙት ይገባቸዋል እንጂ በመንደሩ ሴቶች ላይ ሊጥሉት አይገባም።

ጥንቃቄ

ሥራው በጎ በመሆኑ አደጋ አይርቀውም። ስለዚህ እነዚህ ነገሮች ይጠበቁ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጣራ ላይ አይውጣ፤ ክዳኑን የመንደሩ ከዳኝ ይክደን፣ ተማሪው ሣሩን ያቀብል። በእርጥብ ጣራ ላይ ማንም አይሥራ። አሮጌ ሚስማር ወዲያው በጣሳ ይሰብሰብ፤ የዛገ ሚስማር የወጋው ሰው መንጋጋ ቆልፍ እንዳያገኘው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ግድግዳ ሲፈርስ ሕፃናትና ከብቶች ይራቁ። ከእያንዳንዱ ጓድ ጋር አንድ መምህርና አንድ አናጢ ወይም ግንበኛ ይኑር። ተማሪው በጉልበቱ ብርቱ ነው፤ የእንጨትን ጠባይ ግን የሚያውቀው አናጢው ነው።

የባለቤቱ ክብር

እርዳታ ተቀባዩ ቤቱ የራሱ መሆኑን ማንም እንዳይረሳ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተማሪው ቁጭ ብሎ «እማማ፣ የቱ ቦታ ያስቸግርዎታል? በዝናብ ጊዜስ የት ይተኛሉ?» ብሎ ይጠይቅ። ባለቤትዋ በሩ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን የወደደችበት፣ መደቡም በዚያ ማዕዘን የተሠራበት ምክንያት አለው። የታደሰ ቤት ለባለቤቱ የማይመች ከሆነ የሌላ ሰው ቤት ሆነ ማለት ነው። እንዲሁም ችግረኛውን በሰው ፊት አቁሞ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ድህነቱንም በአደባባይ መናገር የተሰጠውን እርዳታ መልሶ መውሰድ ነው።

የሚታደሰውን ቤት መምረጥ ለእንግዳ የሚተው ሥራ አይደለም። የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ እድሩና የወረዳው ሹም ተሰብስበው ምክንያቱን በግልጽ ተናግረው ይምረጡ። ባለቤትነቱ ክርክር ያለበት ቤት ክርክሩ ሳያልቅ አይነካ፤ ታድሶ ሲያምር የሚነጥቀው ዘመድ እንዳይነሣ።

የምግብም ነገር አለ። ሐምሌና ነሐሴ የአሮጌው እህል ያለቀበት፣ አዲሱም ያልደረሰበት የችግር ወራት ነው። የባላገር ልማድ ደግሞ እንግዳን ሳያበሉ መሸኘትን ነውር ያደርገዋል። አሮጊቲቱ ለ20 ተማሪ ቡና አፍልታ ቆሎ ስታቀርብ የሳምንት ቀለቧን መስጠቷ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጓዱ ስንቁን ይዞ ይምጣ፤ ሲበላም ባለቤትዋን ጠርቶ አብሮ ይብላ። እንዲህ ከሆነ ልማዱም ይከበራል፣ ጎታዋም አይጎድልም።

እርሻና ደን እንዳይጎዱ

ቤት የሚሠራበት ዕቃ ሁሉ ከእርሻው የሚመጣ ነው። ጭዱ የበሬ ምግብ ነው፤ እበቱ የማሳ ፍግ ነው፤ እንጨቱ ደን ነው። ለአንድ መንደር 10 ቤት ለማደስ ጭድ ሲሰበሰብ በበጋ የሚራቡ በሬዎች እንዳይኖሩ ከገበሬዎች ጋር መመካከር ያሻል። ጥቂት ጥቂት ጭድ ከብዙ አውድማ ቢዋጣ ማንም አይጎዳም፤ ከአንድ ድሀ አውድማ ቢወሰድ ግን አንዱን ለማዳን ሌላውን ማስራብ ይሆናል።

ህድሞም ሆነ ትልቅ ጎጆ እንጨት ይበላል፤ የደጋው ጥድና ወይራ ከሳሳበት ምክንያት አንዱ የቤት ሥራ ነው። ስለዚህ ለእድሳት የሚሆን እንጨት ለዚሁ ከተተከለ ባሕር ዛፍ ይቆረጥ እንጂ የተረፈው የሀገር ዛፍ አይነካ። ለሚቆረጠው ሁሉ በክረምቱ ምትክ ይተከል። ባሕር ዛፉ ከምንጭና ከእርሻ ይራቅ፤ ወይራና ጥድ ደግሞ በተከለለ ስፍራ ይተከሉ። ችግኝን መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከፍየል መጠበቅ ግን የዓመታት ሥራ ስለ ሆነ ጠባቂው አስቀድሞ ይታወቅ።

የጀመሩትን ስለ መፈጸም

ከነገሩ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ጣራዋ የሚያንጠባጥብ አሮጊት በአንዱ ማዕዘን ተጠግታ ክረምቱን ታልፍ ይሆናል። ጣራዋ ተገልጦ ዕቃ አልቆ ተማሪዎቹ የሄዱባት እንደ ሆነ ግን የምትጠጋበት ማዕዘን የላትም። ያልተፈጸመ እርዳታ ካልተጀመረ እርዳታ ይከፋል። በዚህ ምክንያት ዕቃው በሙሉ በደጅ ሳይከመር ጣራ አይገለጥ፤ በክረምት የግድ መገለጥ ካለበትም በአንድ ቀን ሊከደን የሚችለውን ያህል ብቻ ይገለጥ፣ ሸራም በአጠገብ ይዘጋጅ። 5 ቤት ጀምሮ 5ቱንም በእንጥልጥል ከመተው 1 ቤት ፈጽሞ መሄድ ይሻላል። ሹማምንትም ለመንግሥት በሚያቀርቡት መግለጫ የተጀመሩትን ሳይሆን የተፈጸሙትን፣ ከተፈጸሙትም አንድ ክረምት አልፎባቸው የቆሙትን ቢቈጥሩ ሥራው ይቃናል።

የታደሰው ቤት በጥቅምት እንደ ገና ይጐብኝ። ያው ጓድ ተመልሶ ውሃው የት እንደ ገባ፣ ልስኑ የት እንደ ረገፈ ይመልከት፤ በደብተሩም ይጻፍ። ያ ደብተር ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ መምህር ይሆናቸዋል፤ የዚያን መንደር አፈር፣ የዚያን መንደር ነፋስ፣ የዚያን መንደር ዝናብ ይነግራቸዋልና።

ባጭሩ፣ የሚታደሰውን ቤት ሽማግሌዎች ይምረጡ፤ ዕቃው በደረቅ ወራት ይሰብሰብ፤ ሥራው ከጣራ ተጀምሮ ወደ ታች ይውረድ፤ ቦዩ አይረሳ፤ ስንቅ ይያዝ፤ ዛፍ ይተከል፤ የተጀመረው ይፈጸም። ይህ ከተደረገ ተማሪው ትምህርት ያገኛል፣ አሮጊቲቱ ደረቅ መኝታ ታገኛለች፣ ዘሩም ሳይሻግት እስከ እርሻው ቀን ይቆያል። የሚቀጥለው ክረምት ዝግጅት የሚጀመረው በዚህ ጥቅምት ነው፤ ሰንበሌጡ ሲበስል ማጭዳችሁን አዘጋጁ።